ለልጅ ጡረታ የሚቀመጥ ትረስት፦ ግብሩ በአሜሪካ እንዴት ይሰላል?

በአሜሪካ የሚኖሩ አንዳንድ ወላጆች «ልጃችን በጡረታ ዘመኑ እንዳይቸገር» ብለው ገና በሕፃንነቱ በትረስት ገንዘብ ያስቀምጡለታል። ትረስት ማለት ሀብትን ለአደራ ጠባቂ ሰጥቶ፣ ተጠቃሚው በተወሰነለት ጊዜ እንዲያገኘው የሚያደርግ ሕጋዊ አሠራር ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ገቢን በትረስት ውስጥ ቆልፎ ማከማቸት በግብር በኩል ውድ ነው። እንዴት? እስቲ እንየው።

መጀመሪያ ስጦታው። በ2025 አንድ ሰው ለአንድ ልጅ እስከ 19,000 ዶላር ሲሰጥ የስጦታ ግብር ቅጽ መሙላት አይጠበቅበትም። ይህ ግን ልጁ አሁኑኑ ሊጠቀምበት ለሚችለው ስጦታ ነው። እስከ ጡረታ የተቆለፈ ገንዘብ፣ ልጁ ለጊዜው የማውጣት መብት ካልተሰጠው በቀር፣ ቅጽ 709 ያስሞላል። ግብሩ ወዲያው ይከፈላል ማለት ግን አይደለም፤ መጠኑ በ2025 13.99 ሚሊዮን ዶላር ከነበረው የሰጪው የዕድሜ ልክ ጣሪያ ላይ ይቀነሳል።

ቀጥሎ ዓመታዊ ገቢው። ወላጅ በትረስቱ ላይ የተወሰኑ ሥልጣኖችን ካስቀረ ግብር ከፋዩ ራሱ ነው። ካላስቀረ ደግሞ ትረስቱ በራሱ ይከፍላል፤ በ2025 ከ15,650 ዶላር በላይ ባለው ገቢ ላይ 37 በመቶ ይጣልበት ነበር። በዚያው ዓመት ያላገባ ግለሰብ እዚያ ደረጃ ይደርስ የነበረው ከ626,350 ዶላር በላይ ሲያገኝ ነው።

በምሳሌ እንየው። ትረስቱ በ2025 ከቤት ኪራይ 20,000 ዶላር የተጣራ ገቢ አግኝቶ ቢያስቀምጠው ኖሮ፣ የፌዴራል ገቢ ግብሩ ከ5,300 ዶላር ይበልጥ ነበር። ራሱን የቻለና ሌላ ገቢ የሌለው ያላገባ ጎልማሳ ግን በዚያው ገቢ የሚከፍለው 425 ዶላር ገደማ ነበር።

ታዲያ ገቢው በየዓመቱ ለልጁ ቢከፈልስ? ግብሩ ወደ ልጁ ይዞራል። ሆኖም ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ፣ ከ2,700 ዶላር የሚበልጠው ያለ ሥራ የተገኘ ገቢ በወላጆቹ የግብር መጠን ይሰላል።

ልጁ ሠርቶ ደመወዝ ማግኘት ሲጀምር ሮዝ አይአርኤ የተባለው የጡረታ ሒሳብ የተሻለ መንገድ ሊሆን ይችላል። በ2025 እስከ 7,000 ዶላር፣ ደመወዙ ከዚህ ካነሰም እስከ ደመወዙ መጠን ይገባበት ነበር፤ ገንዘቡንም ወላጅ በስጦታ ሊሸፍን ይችላል። ሒሳቡ አምስት ዓመት ከሞላውና ባለቤቱ 59 ዓመት ተኩል ካለፈው ትርፉ ጭምር ያለ ፌዴራል ግብር ይወጣል።

ውሉን ከመፈረማችን በፊት የግብር ባለሙያ እናማክር። ገንዘቡ የሚሠራበት ቦታ ከወለድ የጸዳ መሆኑንም እናረጋግጥ። ግብር መክፈል ዘካን ስለማይተካ፣ የዘካውን ጉዳይ ዑለማዎችን እንጠይቅ።