ስለ ዓመታዊ ውድድር መጽናትና መፈጸም

በዓል በሕዝብ ዘንድ ጸንቶ የሚኖረው ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ ነው። ባሕረ ሐሳብን ያሰናዱት ሊቃውንት ይህን ተረድተው፥ ሕዝቡ የሚጾምበትንና የሚያከብርበትን ቀን በጥንቃቄ ቀምረው አቆዩለት። በዓለማዊው ሥራም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። በየዓመቱ የሚደረግ ውድድር የሚጸናው ቀኑ ሲወሰን፥ ጠባቂው ሲታወቅና የአሸናፊዎቹ ስም በመዝገብ ሲጻፍ ነው። ለዚህም ነገር፥ በጃፓን አገር 75 ዓመት ኖሮ የተፈጸመውና የኢትዮጵያ ስም በክብር የተጻፈበት የቢዋ ሐይቅ ማራቶን መልካም ምስክር ይሆናል። ታሪኩን ለሚመረምር ሰው፥ በአፋር ምድር በአዋሽ ሸለቆ ላሉት ለአዋሽና ለሰመራ ከተሞች ሹማምንት የሚጠቅም ምክር ይገኝበታል።

ይህ ውድድር የተመሠረተው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1946 ዓ.ም.፥ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በዓመቱ፥ በኦሳካ ከተማ ነው። ጃፓን በዚያን ጊዜ ድል የተነሣች፥ ታላላቅ ከተሞቿም በቦምብ የፈረሱባት አገር ነበረች። በእንዲህ ያለ የችግር ዘመን የውድድሩ ደጋፊና ባለአደራ ሆኖ የተነሣው ማይኒቺ የተባለው ጋዜጣ ነው። ስለዚህ ውድድሩ ማይኒቺ ማራቶን ተባለ። ኋላም ወደ ቢዋ ሐይቅ ዳር፥ ወደ ኦትሱ ከተማ ተዛወረ፤ የሐይቁም ስም ተጨመረለት።

ኢትዮጵያ ከዚህ ውድድር ጋራ የተዋወቀችው በሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ በኋላ፥ ሰኔ 18 ቀን 1953 ዓ.ም. በኦሳካ ተወዳድሮ በ2 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። በዚያ ጊዜ ኪሀቺሮ ኦኒትሱካ የተባለው የጫማ ፋብሪካ ባለቤት ወደ እርሱ ቀርቦ፥ ጫማ አድርጎ እንዲሮጥ አግባባው፤ አበበም ምክሩን ተቀበለ። የዚያ ሰው ድርጅት ዛሬ አሲክስ በሚል ስም በዓለም ኹሉ ይታወቃል። አበበ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለሁለተኛ ጊዜ ድል ካደረገ በኋላ፥ በዚያው ዓመት ግንቦት 1 ቀን በቢዋ ሐይቅ ዳር ተወዳድሮ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ እንደ ገና አሸነፈ። ከብዙ ዘመን በኋላም በ2006 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊው ባዙ ወርቁ በዚሁ ውድድር አንደኛ ሆኗል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የቀኑ ነገር ነው። አበበ በመጀመሪያ ያሸነፈው በሰኔ፥ በሁለተኛው በግንቦት ሲሆን፥ በኋለኞቹ ዓመታት ግን ውድድሩ የሚደረገው አየሩ ገና ቀዝቃዛ በሆነበት በየካቲት መጨረሻ ነበር። 42 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ሙቀት ከባላጋራው ይልቅ የሚከብድ ጠላት ነው፤ ቀኑን በብልሃት መምረጥ የሯጩን ጤና መጠበቅ ነው።

ውድድሩ የተፈጸመው የካቲት 21 ቀን 2013 ዓ.ም. በ76ኛው ጊዜ ነው። ድካም አግኝቶት ነው እንዳይባል፥ በዚያው ቀን ኬንጎ ሱዙኪ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ገብቶ የጃፓንን ክብረ ወሰን አደሰ። ነገር ግን ውድድሩ ለተመረጡ ፈጣን ወንዶች ብቻ የተሠራ ነበር፤ ዘመኑ ደግሞ ወንድም ሴትም፥ ሽማግሌም ወጣትም በብዙ ሺህ ሆነው በአንድነት የሚሮጡበት ዘመን ሆነ። ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከሚሮጥበት ከኦሳካ ማራቶን ጋራ ተዋሐደ። በሐይቁ ዳር ሲደረግ ለኖረው ውድድር ማዘን የሚገባ ቢሆንም፥ አፈጻጸሙ የሚያስመሰግን ነው፤ በድንገት አልተቋረጠም፥ የመጨረሻው ቀን አስቀድሞ ተነገረ፥ ስሙና አደራው ለተተኪው ተላለፈ፥ መዝገቡም አልጠፋም። የአበበ ስም እስከ ዛሬ የሚነበበው በዚህ መዝገብ ነው።

ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲመለሱ፥ የአዋሽ ከተማ በአሮጌው የባቡር ሐዲድ ላይ የበቀለች፥ ሰመራም የአፋር ክልል መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ኹለቱንም ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ታላቅ መንገድ ያገናኛቸዋል። አገሩ ቆላ ነውና በዚያ ዓመታዊ ውድድር ለመመሥረት የሚያስብ ሹም አስቀድሞ ስለ ቀኑ ሊያስብ ይገባዋል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ቀዝቀዝ ባለ ጊዜ፥ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ማድረግ ይሻላል። መንገዱም የከባድ መኪና መተላለፊያ ስለ ሆነ፥ ለሯጮቹ የተለየ ጎዳና መምረጥ ያስፈልጋል። የአፋር ወጣቶች ኮሶ የሚሉት፥ ከመድኃኒቱ ጋራ በስም ብቻ የሚገናኝ፥ ብዙ ሩጫና ጉልበት የሚጠይቅ የኳስ ጨዋታም አላቸው፤ ይህም በታወቀ ቀን ቢደረግ ለአገሩ ልጆች የሚቀርብ በዓል ይሆናል።

ከኹሉ በላይ ግን ውድድር በአንድ ሹም በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ሊቆም አይገባም። ሹም ይዛወራል፥ በጀትም ይለዋወጣል፤ የሚቀረው መሥሪያ ቤቱና መዝገቡ ነው። የመጀመሪያው ቀን ከመድረሱ በፊት ባለአደራው ይታወቅ፤ የአሸናፊዎቹ ስም፥ ሰዓታቸውና የመጡበት ወረዳ በየዓመቱ ይጻፍ፤ መዝገቡም የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ሆኖ ከሹም ወደ ሹም በርክክብ ይተላለፍ። እንዲህ ከተደረገ ውድድሩ ዕድሜው ሲደርስ ቢፈጸም እንኳ፥ የሮጡት ሰዎች ድካም ከተረሱት ነገሮች ጋራ አይቈጠርም።