የሐረርን ቡና እንዴት እንቅመስ?

ቡና የማይጠጣ ተማሪ በመካከላችን ጥቂት ነው፤ የሚጠጣውን ቡና መርምሮ የሚያውቀው ግን ከዚያም ያነሰ ነው። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ደርሶባት የተቆረቆረችው ድሬዳዋ የሐረርጌ ቡና ወደ ጅቡቲ የሚወርድባት በር ሆና ሳለች፣ እኛ ነዋሪዎቿ ደጉን ቡና ከክፉው ለመለየት አለመቻላችን የሚያሳፍር ነው። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ርካሽ፣ መካከለኛና ውድ ቡና ገዝተን፣ አምስት ሆነን፣ ታይዋን ገበያ አጠገብ ቡና ከሚያፈሉ አንዲት እናት ዘንድ ተቀመጥን።

በመጀመሪያ ጥሬው ይታያል። የሐረር ቡና ሳይታጠብ ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ ቀለሙም ወደ ቢጫ ያደላል። ጥቁር፣ የተበሳና የተሰባበረ ፍሬ ከበዛበት ግን ዋጋው ምንም ቢሆን አይታመንም። ሲቆላም ከሌላው ተለይቶ ገርጥቶ የሚቀር ፍሬ ሳይበስል የተለቀመ ነው። ቆሎው እንዳያር ይጠበቃል፤ ያረረ ቡና ሁሉ ጣዕሙ አንድ ነውና።

ቀጥሎ፣ ባለሙያ ቀማሾች እንደሚያደርጉት፣ ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8 ግራም ያህል ዱቄት በየሲኒው ተደረገ። ውሃው ፈልቶ ጥቂት እንደ በረደ ይፈስበታል። ከ4 ደቂቃ በኋላ ላዩ የሰፈፈው በማንኪያ ተገፍቶ ይሸተታል፤ ከዚያም ያለ ስኳርና ያለ ጨው፣ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ እየተማገ ይቀመሳል። ስም እንዳያታልለን ሲኒዎቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለን የየትኛው ቡና መሆናቸውን ሸሸግን።

ቀማሽ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ሽታው ምን ያስታውሳል? ኮምጣጣነቱ እንደ ብርቱካን ነው ወይስ እንደ ተበላሸ ጠላ? በአፍ ውስጥ ይከብዳል ወይስ ይሳሳል? ከተዋጠ በኋላ ምን ይቀራል? ጥሩ የሐረር ቡና እንጆሪና ወይን ጠጅ ያሸታል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደገና ይቀመሳል፤ ትኩሳት ጉድለትን ይሸፍናልና። እናታችን ግን፣ «ልጆቼ፣ ምን ነካችሁ? ቡና ቀዝቅዞ ይጠጣል እንዴ?» ብለው ሳቁብን።

ስሙ ሲገለጥ አራታችን የመረጥነው መካከለኛውን ሆኖ ተገኘ። ውዱ ሲቀዘቅዝ አፈር አፈር ይል ነበር፤ መሬት ላይ የተሰጣ ቡና ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

አባቱ ቡና አምራች የሆነው ጓደኛችን ግን አልሳቀም። «አባቴ በአልጋ ላይ እየዘረጋ፣ ጧት ማታ እያገላበጠ ያደርቅ ነበር» አለን፤ «ነጋዴው ግን መሬት ላይ ካሰጣው ጎረቤታችን እኩል ከፈለው። ዛሬ የማሳችን እኩሌታ ጫት ነው።»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ቅምሻ የቅንጦት ጨዋታ አይደለም። ገዢው ንጹሑን ከአፈራሙ ካልለየ፣ የደከመው ገበሬ የድካሙን ዋጋ ከማን ያገኛል? የሚቀጥለውን ሲኒ ስኳር ከመጨመራችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቅመሱት።