የተጣለን ፈረስ ለመቀበል

በሱዳን ጠረፍ ካለችው ከገላባት ተነሥቶ ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ መንገደኛ በግራም በቀኝም የሚያየው የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ነው፤ በክረምት ልምላሜ የሚለብሰው ይህ ሰፊ የዋልካ ሜዳ፣ አዝመራው ተሰብስቦ በጋው ሲገፋ፣ መሬቱ እየተሰነጠቀ፣ ሣሩ እየከሰመ፣ ሙቀቱም በሚያዝያና በግንቦት ከ40 ዲግሪ እያለፈ፣ ለሰውም ለእንስሳም የፈተና ምድር ይሆናል። በገዳሪፍ ከተማ በዚያ ወራት ውኃ እንደ እህል በገንዘብ ይሸመታል፤ ውኃውንም በየሰፈሩ እያዞረ የሚያደርሰው ካሮ የሚባለውን ጋሪ የሚጎትት እንስሳ ነው። እንግዲህ በዚህ አገር የሚኖር ሰው፣ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠርና ጀርባው ገጣባ የሆነ ፈረስ ከመንገድ ዳር ቆሞ አይቶ፣ ርኅራኄ አስገድዶት «ወስጄ ላኑረው» ሲል፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው የቤቱን የውኃ ጋን ነው።

ርኅራኄው የተቀደሰ ነው። መጽሐፈ ምሳሌም ጻድቁን ሰው ከሚያውቅባቸው ምልክቶች አንዱ ለእንስሳው ማዘኑ ነው። ይህ ጠረፍ ደግሞ ፈረስን በክብር ያየ አገር ነው፤ በፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ የሚባሉት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁት በመተማ ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 በአትባራና በሰቲት ዳር የተጓዘው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር፣ የሐምራን ዐረቦች በፈረስ ተቀምጠው ዝሆንን በሰይፍ ሲያድኑ አይቶ ጽፏል። የዚያ ክብር ትሩፋት ግን ለካሮው ፈረስ አልደረሰውም። በዚህ አካባቢ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የፈረስ ሥጋ ስለማይበላ፣ ጉልበቱ ያለቀ ፈረስ ገዢ የለውም፤ ባለቤቱም የሚያበላው ሲያጣ ልባቡን አውልቆ ይለቀዋል፤ የተለቀቀውም የጅብ ሲሳይ ይሆናል። ባለቤቱን ለመውቀስ ግን አልቸኩልም፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፣ ይልቁንም በታኅሣሥ 2016 ወድ መደኒ፣ በሰኔም ሲንጃ ከተመቱ በኋላ፣ ልጆቹን ይዞ ወደ ገዳሪፍ የሸሸው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው፤ ለልጁ እንጀራ ያጣ አባት ለፈረሱ ገለባ አጣ ተብሎ አይከሰስም።

ወደ ጋኑ እንመለስ። 300 ኪሎ ያህል የሚመዝን ፈረስ በሞቃት ቀን ከ25 እስከ 40 ሊትር ውኃ ይጠጣል፤ ይህን በየዕለቱ፣ ቤተ ሰቡ ራሱ በጀሪካን እየለካ በሚጠጣበት ወር ሳይቀር፣ ሊሰጥ የማይችል ሰው ፈረስ ለመቀበል ገና አልተዘጋጀም። መኖው ደግሞ በቀን ቢያንስ 6 ኪሎ ያህል ደረቅ ድርቆሽ ሲሆን፣ በዓመት ከ20 ኩንታል ያልፋል፤ ይህም በየገበያው ቀን እየተገዛ የሚዘለቅ ስላልሆነ፣ ማሽላው በሚታጨድበት ጊዜ፣ አገዳውና ሣሩ በረከሰበት ወራት፣ ተገዝቶ ከዝናብና ከምስጥ ተጠብቆ ሊከመር ይገባዋል። ማሽላ በሞላበት አገር የመኖ ችግር የለም ብሎ የሚያስብ ሰው ግን እጅግ ይጠንቀቅ፤ ገና በቡቃያነት ያለው፣ ድርቅ ያቀጨጨው፣ ወይም ከታጨደ በኋላ ዳግመኛ ያቆጠቆጠው እርጥብ ማሽላ መርዝ አለበት፤ ፈረስም ሲግጠው ከሰነበተ ሽንቱን መቆጣጠር ይሳነዋል፣ የኋላ እግሮቹም ይልፈሰፈሳሉ።

ከዚህ የሚብሰው አደጋ ግን ከቸርነት የሚመጣው ነው። ለወራት የተራበ ፈረስ ወደ ቤት እንደ ገባ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ገብስና ማሽላ በስፍር ቢያቀርብለት፣ ረኃብን የለመደው ሰውነቱ ያን ሁሉ እህል በአንድ ጊዜ መሸከም አቅቶት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ፈረስ ደግሞ በተፈጥሮው ማስታወክ አይችልምና፣ ሆዱ የገባውን ክፉ ነገር መልሶ የሚያወጣበት መንገድ የለውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሰጠው ጥሩ ድርቆሽ ብቻ ነው፤ እርሱም ጥቂት በጥቂቱ፣ በቀን ስድስት ጊዜ ያህል፣ ሌሊትም ሳይቀር። ለዚህ ትዕግሥት ሥራው ወይም ጤናው የማይፈቅድለት ሰው ሌላ እጅ መፈለግ አለበት።

ሐኪምም ያስፈልጋል። ሰኮናው በስንጥቅ ዋልካ ላይ ተሰነጣጥቆ እንደ ሆነ፣ ጥርሱ ሾሎ ጉንጩን እየቆረጠው እንደ ሆነ፣ ቁስሉ ለመንጋጋ ቆልፍ ያጋለጠው እንደ ሆነ የሚያውቀው የእንስሳት ሐኪም ነው፤ በክረምትም ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች የሚያዛምቱት የአፍሪካ የፈረስ በሽታ አለ፤ በሽታው ፈረስን በጥቂት ቀን ይገድላልና፣ መከላከያው ክትባት በአቅራቢያ ይገኝ እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ፈረስ 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ስለሚችል፣ ዛሬ የ12 ዓመት ፈረስ የሚቀበል ሰው የብዙ ዓመት ግዴታ ይፈርማል። በጠረፍ የሚኖረው ወገናችን፣ ለአረምና ለአጨዳ ተሻግሮ የሚመለሰው፣ ወይም የመኖሪያ ፈቃዱ በየጊዜው የሚታደስለት፣ ይህን ከሁሉ በላይ ያስብ፤ ከገዳሪፍ በድንገት ቢነሣ ልባቡን የሚረከበው ማን እንደ ሆነ በስሙ ሊጠራው ካልቻለ፣ ፈረሱ ሁለተኛ ጊዜ ይጣላል።

በዚህ ነገር የማደንቃት ሴት ዶሮቲ ብሩክ ናት። የእንግሊዝ ፈረሰኛ ጦር ጄኔራል ባለቤት የነበረችው ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ1930 ካይሮ ስትደርስ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በግብፅ የተሸጡት የጦር ፈረሶች፣ አርጅተውና ታውረው፣ ድንጋይና ሸክም ሲጎትቱ አገኘቻቸው፤ በ1931 ለጋዜጣ በጻፈችው ደብዳቤ ገንዘብ ተሰብስቦ 5,000 ያህል ፈረሶች ገዛች። ከእነዚህም የሚበዙትን፣ ጥቂት ቀን አሳርፋና አጥግባ፣ ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ አደረገች፤ ማኖር ሥቃያቸውን ማስረዘም እንደ ሆነ አይታለችና። በ1934 ደግሞ ሆስፒታል አቋቁማ የድኆችን የሥራ እንስሳት በነጻ ማከም ጀመረች፤ የእርሷን ስም የያዘው ድርጅት ዛሬ በኢትዮጵያም ይሠራል።

የእርሷ ሁለተኛ ሥራ ከመጀመሪያው የጠለቀ ይመስለኛል። ከባለ ካሮው የደከመውን ፈረስ በጥሩ ዋጋ የገዛ ሰው፣ ባለ ካሮው በዚያው ገንዘብ ሌላ ፈረስ ገዝቶ እንደ ፊተኛው እንዳያደክመው በምን ያረጋግጣል? ስለዚህ መግዛቱ ከተቆረጠ፣ በሽማግሎች ፊት ተነጋግሮ፣ ለሚቀጥለው እንስሳ የጭነቱን ልክና የዕረፍቱን ቀን ተዋውሎ ይሁን። ጋኑም ክምሩም ሐኪሙም የሌለው ሰው ግን ፈረሱን ከባለቤቱ ሳይለይ ሊረዳው ይችላል፤ የሐኪሙን ዋጋ ይክፈል፣ ገጣባው እስኪሽር ባለ ካሮው የሚያጣውን የቀን ገቢ ይካስ፣ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ጨርቅ ያሰፋለት፣ በደጁም ጥላ ሥር አንድ ገንዳ ውኃ ያኑር።