የመኪና ጉድለት ምስጢር አይደለም



ከጎንደር ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ዳባት፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ደግሞ ደባርቅ ይደረሳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ከእርሷ ወዲያ ግን መሬቱ በድንገት ይሰበራል፤ መንገዱም በሊማሊሞ ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ወደ ዛሪማ ይወርዳል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባለው ጊዜ፣ ገደሉን እያስፈለፈሉ ያወጡት ይህ መንገድ ተጓዡን ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ያደርገዋል። በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ወገን ገደል ነው።

እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ የእናቶች፣ የሕፃናትና የነጋዴዎች ሕይወት በመኪናው ፍሬን ላይ የተመካ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን አንድ ጥያቄ እናነሳለን። የመኪናውን ጉድለት ያወቀ ሰው ዝም ማለት ይፈቀድለታልን?

ጉድለቱን ቀድሞ የሚያውቀው ማነው?

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ ይመረመራሉ፤ ምርመራውን ያለፈም ቦሎ ይለጠፍለታል። ይህ መልካም ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ ቦሎ የሚናገረው መኪናው በተመረመረበት ዕለት ስለነበረው ሁኔታ ነው። የፍሬን ሸራ በየቀኑ ይበላል፣ ጎማ በየቀኑ ይሳሳል። በዓመት አንድ ቀን የሚያይ ዓይን የዓመቱን ሁሉ ሊጠብቅ አይችልም።

በየቀኑ የሚያዩት ሌሎች ናቸው። ሹፌሩ ፔዳሉ ከትናንት ይልቅ ዛሬ ወደ ታች እንደ ጠለቀ በእግሩ ያውቀዋል። ረዳቱ መኪናው በቆመ ቁጥር ታኮ ይዞ ይሮጣል። ታኮ ማድረግ ጥንቃቄ ነው፤ ያለ ታኮ ፈጽሞ መቆም የማይችል መኪና ግን የእጅ ፍሬኑ እንደማይሠራ እየተናገረ ነው። መካኒኩ ያላለቀውን ሥራ፣ ባለንብረቱ «ለሚቀጥለው ወር ይቆይ» ያለውን ዕቃ ያውቃሉ። ተሳፋሪውም ቢሆን አፍንጫና ጆሮ አለው።

ፍሬን እንዴት «እምቢ» ይላል?

ፍሬን መኪናውን የሚይዘው በሰበቃ ነው። ሰበቃ ደግሞ ሙቀት ይወልዳል። ሹፌሩ ረጅሙን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ በሞተሩ ኃይል ይዞ በመውረድ ፈንታ ፍሬን እየረገጠ ቢወርድ ሸራው ከመጠን በላይ ይግልና መያዙን ይተዋል። ትርፍ ተሳፋሪና ጭነት ሲታከልበት ሙቀቱ ይብሳል።

የፍሬን ዘይትም የራሱ ጣጣ አለው። ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ይጠበቅበታል፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋ ደግሞ ሲረግጡት ይጨመቃል እንጂ ኃይል አያስተላልፍም። ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ እኛም በማግስቱ «ፍሬን በጥሶ» የሚል ወሬ እንሰማለን። ፍሬኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ በድንገት አይከዳም። አስቀድሞ የመቃጠል ሽታ ይሸታል፤ ከጎማው ሥር ጭስ ይታያል፤ ብረት ከብረት ሲፋጭ ይሰማል፤ ሹፌሩ ፔዳሉን ደጋግሞ ይረግጣል፤ መኪናው ሲይዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። እነዚህን ምልክቶች ያየ ሁሉ ምስክር ነው።

ለምን ዝም እንላለን?

አንዳንዱ «የሰው እንጀራ መዝጋት ይሆንብኛል» ይላል። ሌላው «ሐሜት ነው» ብሎ ይፈራል። ሦስተኛው «ቀደር ከሆነ አይቀርም» ይላል።

ስለ እንጀራው ካነሳን፣ ፍሬን አሠርቶ በማግስቱ የሚሠራ መኪና እንጀራው አልተዘጋም። እንጀራው ለዘለቄታው የሚዘጋው ገደል የገባው መኪና ነው፤ ያውም የስንቱን ቤት እንጀራ ይዞ!

ሐሜትን በተመለከተ ኢማም ነወዊ ሪያዱ ሷሊሒን በተሰኘው መጽሐፋቸው ሰውን በሌለበት ማንሳት የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ፣ ሌሎችን ከጉዳት ማስጠንቀቅን ከእነዚያ ውስጥ አስገብተዋል። ይህ የሹፌሩን ገመና ማውራት ሳይሆን የተሳፋሪውን ነፍስ መጠበቅ ነው።

ቀደርንም ቢሆን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ፈትቶ በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው አስቀድሞ እንዲያስራት፣ ከዚያም በአላህ እንዲመካ እንደነገሩት ቲርሚዚ ዘግበዋል። በቡኻሪ ዘገባም በአንድ መርከብ ስለተሳፈሩ ሰዎች የሰጡት ምሳሌ አለ። ከታች ያሉት ውሃ ለመቅዳት ሲሉ የራሳቸውን ወለል ሊበሱ ቢነሱና ከላይ ያሉት ዝም ቢሉ ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ቢይዟቸው ግን ሁሉም ይድናሉ። ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና ከዚህ መርከብ በምን ይለያል?

ያልተጻፈው መስመር

ጉድለትን ሳይናገሩ የማለፍ መዘዝ በገጠር መንገድ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ እጅግ ዘመናዊ በሆነው የአየር ጉዞ ውስጥም ታይቷል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም የኢንዶኔዢያው ላየን ኤር ንብረት የሆነ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን በጉዞ ላይ ሳለ አፍንጫውን ወደ ታች መድፋት ጀመረ። አብራሪዎቹ በብዙ ትግል በሰላም አሳረፉት። ሲያርፉ ከችግሩ ከፊሉን በመዝገቡ ላይ ጻፉ፤ መሪው ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጥ እንደነበረና አፍንጫውን የሚደፋውን ሞተር አጥፍተው በእጅ ይዘው እንደመጡ ግን አላሰፈሩም። የጥገና ሠራተኞቹም የችግሩን ክብደት ሳያውቁ ቀሩ። በማግስቱ ጥቅምት 19 ቀን ያው አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰዎች ሞቱ።

የኢንዶኔዢያ መርማሪዎች ከዘረዘሯቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ የመዝገብ ጉድለት ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን የአምራቹ ዝምታ ነው። ቦይንግ አፍንጫውን ስለሚደፋው አዲስ ሥርዓት በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልገለጸም ነበር። አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከዚያ በኋላ ነው ዓለም ይህን አውሮፕላን ከበረራ ያገደው።

ሻጭና ገዢ

አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ጉድለቱም አብሮ ይተላለፋል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን፣ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥር እርጥብ ሆኖ ቢያገኙት፣ ነጋዴው እርጥቡን ገዢ እንዲያየው ከላይ ማድረግ እንደነበረበት ነግረው አታላይን ከእነርሱ ወገን እንዳልሆነ መንገራቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። መኪናውን ቀለም ቀብቶ የተሰነጠቀ ሻንሲ የሚሸጥ ሰው እርጥቡን እህል ከሥር ከደበቀው በምን ይሻላል?

እንዴት እንናገር?

መጀመሪያ ለሹፌሩ በአክብሮት እንንገር። «ወንድሜ፣ ከኋላ የሚቃጠል ነገር ይሸታል፤ እባክህ ደልዳላ ቦታ ቆም ብለህ እይልን» ማለት ማንንም አያዋርድም። የጋለው ፍሬን በራሱ ጊዜ ይብረድ፤ ውሃ ቢደፉበት ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሹፌሩ ካልሰማ ለባለንብረቱ፣ ለመናኸሪያው ስምሪት ሠራተኛ ወይም ለትራፊክ ፖሊስ እንናገር። የታርጋ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ቦታውን፣ በዓይናችን ያየነውን ወይም በጆሮአችን የሰማነውን ብቻ እንግለጽ። ቁርኣን ወሬን እንድናጣራ አዞናልና «ሳይሰክር አይቀርም» የሚል ግምት አንጨምር።

በረዳትነት የምትሠሩ ወጣቶች ሆይ፤ ያያችሁትን ለሹፌሩና ለባለንብረቱ ሳትነግሩ አትደሩ። ባለንብረቶችም የተናገረውን ልጅ ከሥራ ከማባረር ይልቅ አመስግኑት፤ ንብረታችሁንም ሕይወታችሁንም ያተረፈላችሁ እርሱ ነው። ወላጆች ደግሞ ልጆቻችሁን ስታሳፍሩ ከታሪፉ በፊት ጎማውን ተመልከቱ።

ያወቁትን ጉድለት መናገር አማና ነው። አላህ (ሱ.ወ.) መንገደኞቻችንን በሰላም ያስገባልን፤ አንደበታችንንም ለመልካም ይክፈትልን። አሚን።