ባቡሩ ወደ ላንጋኖ ቢመጣ ኖሮ

በ1950ዎቹ ከናዝሬት ተነሥቶ ዲላ የሚደርስ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የምድር ባቡር መስመር ታቅዶ ነበር። ሀዲዱ ግን ሳይነጠፍ ቀረ። የሲዳሞ ቡና በጭነት መኪና መጓዙን ቀጠለ፤ ላንጋኖም ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ እንግዳ ሰንብቶ የሚመለስበት ሐይቅ እንጂ ባለጣቢያ ከተማ አልሆነም።

እስቲ ይህችን አንድ ነገር ብቻ እንቀይርና ባቡሩ መጥቷል እንበል። አማራጭ ታሪክ የሚባለው የልብ ወለድ ዘርፍ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ደራሲው ከታሪክ አንድ መታጠፊያ መርጦ አቅጣጫውን ያስለውጣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን እንዳሻው አይፈጥርም፤ ምክንያትና ውጤትን እየተከተለ ይጽፋል። አሜሪካዊው ፊሊፕ ኬ. ዲክ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ልብ ወለድ ጀርመንና ጃፓን ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አሸንፈው አሜሪካን ተቀራምተዋል። በእኛም አገር «አድዋ ላይ ተሸንፈን ቢሆን ኖሮ»፣ «የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ» የሚል ክርክር ከቡና ጋር አብሮ የኖረ ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች ያጓጓሉ፤ ለጀማሪ ጸሐፊ ግን አልመክራቸውም። ጥያቄው ሲገዝፍ ጸሐፊው የተመኘውን መንግሥት ያነግሣል፣ የሚጠላውን ይቀጣል፣ ልቡ አርፎ ይወጣል፤ አንባቢው ግን የሚያተርፈው ነገር የለም። ባቡሩ እንዲህ በዋዛ አይለቅም፤ ማወቅን ይጠይቃል።

ባቡር አገርን ምን እንደሚያደርግ ለማየት ድሬዳዋ ትበቃለች። ከጅቡቲ የተነሣው መስመር የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ቆላውን ይዞ አለፈ፤ በ1895 ሀዲዱ የደረሰበት ሜዳ ከተማ ሆነ። የጥንቷ ሐረር ገበያዋን ከአዲሷ ጋር ልትካፈል ተገደደች።

ላንጋኖ ላይስ? የሐይቁ ዳርቻ የአርሲ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች ግጦሽና ውሃ መውረጃ ነው። ጣቢያ ሲተከል ማን ይነሣል? መሬቱ በባላባት ስም ከሆነ ካሳው ወደ ማን ኪስ ይገባል? ቡናው በፉርጎ ሲጫን ሹፌሩና ረዳቱ ምን ሠርተው ይበላሉ? ከሰሉ በአንድ ሌሊት አዲስ አበባ መግባት ከቻለ ግራሩ ስንት ዓመት ይቆያል? በ1967 የገጠር መሬት ሲወረስ ደግሞ ይህ ሁሉ እንደገና ይገለባበጣል። ባቡሩን እንደ በረከት ብቻ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ታሪክ ትቶታል።

ልብ ወለዱ ግን ይህን ሁሉ አይዘረዝርም፤ ሰው ያሳያል። 1962 ዓ.ም.፣ ማለዳ። የዲላው ባቡር ላንጋኖ ጣቢያ ይቆማል። አንዲት ልጅ በገመድ የሰካችውን የቆሮሶ ዓሣ ወደ መስኮቱ ታነሣለች፤ ቲኬት ቆራጩ በኦሮምኛ ዋጋ ይከራከራታል፣ አለቃው ሲጣራ በፈረንሳይኛ ይመልሳል። አንድ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን ይዘው ፉርጎዎቹ እስኪያልፉ ቆመዋል፤ ውሃው ከሀዲዱ ማዶ ነው። ፈረንሳይኛው ለጌጥ የገባ አይደለም፤ የጅቡቲውን መስመር የዘረጉት ፈረንሳዮች ስለነበሩ የምድር ባቡሩ ሠራተኛ ቋንቋቸውን ይናገር ነበር።

የዚህ ድርሰት ዋጋ እዚህ ላይ ነው። የሆነውን ብቻ ስንማር ከዚያ ሌላ ሊሆን የማይችል ይመስለናል። ያልሆነውን በጥንቃቄ ስንጽፍ ግን አገሪቱ የዛሬ መልኳን የያዘችው ሰዎች ስለወሰኑ፣ ገንዘብ ስለተገኘ ወይም ስለታጣ መሆኑ ይገለጥልናል። ዛሬም ላንጋኖ ባለበት ስምጥ ሸለቆ የሞጆ–ሐዋሳ የፍጥነት መንገድ በየምዕራፉ ሲገነባ የቱ ከተማ መግቢያ እንደሚያገኝ፣ ከብት በየት እንደሚሻገር የሚወሰነው በሰው ነው።

መጀመር የሚፈልግ ሰው በላንጋኖ አቅራቢያ ወዳሉት አዳሚ ቱሉ ወይም ቡልቡላ ወርዶ አረጋውያንን ይጠይቅ፦ ያኔ ከብቱ የት ይጠጣ ነበር? ገበያው በየትኛው ቀን ይቆም ነበር? ቡና የጫነው መኪና የት ያድር ነበር? መልሱን ከያዘ በኋላ ጣቢያውን የት እንደሚተክል ይወስን።