ብሎን ከአይሮፕላን ላይ እንዴት ይወድቃል?

ትንሽ አይሮፕላን በሰማይ ሳለ አንዱ ክፍሉ ተለይቶ ወደቀ ሲባል ብዙዎቻችን ነፋስ ገነጠለው ብለን እንገምታለን። ነገሩን ስንመረምረው ግን ነፋስ የሚሠራው የመጨረሻውን ሥራ ብቻ ነው፤ መለያየቱ የሚጀመረው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ፥ አይሮፕላኑ በጋራዥ ቆሞ ሳለ ነው።

ብሎንና ዳዶ ተያይዘው የሚኖሩት በሰበቃ ነው። ሞተሩ ሲያንቀጠቅጣቸው ሰበቃው ለቅጽበት እየላላ ዳዶው በጥቂት በጥቂቱ ይፈታል። ስለዚህ ኮፒሊያ ይገባበታል፥ ወይም በሽቦ ይታሰራል። ሽቦው ዳዶውን ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ መሳብ አለበት፤ በተቃራኒው የታሰረ እንደ ሆነ ለዐይን ቢያምርም አይረባም። አንድ ጊዜ የታጠፈ ኮፒሊያ አቅንቶ መልሶ ማስገባትም አይገባም፤ ዋጋው እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ይህን ቁጠባ ሊለው የሚችል ሰው መኖሩ ያስደንቀናል። ሁለተኛው ምክንያት የብረት ድካም ነው። ከቀዳዳ ጠርዝ ወይም ከጭረት የተነሣ ስንጥቅ በየበረራው ይረዝማል፤ ቀለም ከተቀባበት ደግሞ አይታይም።

የጎንደር አይሮፕላን ማረፊያ ያለበት አዘዞ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ስለሚከብድ፥ አይሮፕላን ሲያርፍ ፍጥነቱ በመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ፍሬን መዋጥ ያለበት ኀይልም በመቶ ከ20 በላይ ይበዛል። በበጋ አቧራው ከግራሶ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሞረድ ብረት ይበላል። ስለዚህ በቆላ ሜዳ የሚበቃ የምርመራ ጊዜ ለደጋው ላይበቃ ይችላል።

በዚሁ አገር የመለዋወጫ እጦት ምን እንደሚመስል ታሪክ ያሳየናል። በ1934 ዓ.ም. መጀመሪያ የኢጣልያው ጄኔራል ናሲ ጦር በጎንደር ተከቦ ሳለ የቀሩት አይሮፕላኖች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ፊያት ሲ.አር. 42 ከሚባሉት ተዋጊዎች ከፊሎቹ ቀደም ሲል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጡት ተፈታትተው በሳቮያ ማርኬቲ ሆድ ተጭነው ነበር። ከበባው ሲጠብቅ ይህ መንገድ ተዘጋ። ጥቅምት 14 ቀን ማላቮልቲ የተባለው ዐብራሪ በፊያት ተነሥቶ በደቡብ አፍሪካ ተዋጊ ተመትቶ ወደቀ። እሱን የጣለው ጥይት ነው እንጂ የላላ ብሎን አይደለም፤ ነገር ግን በጠፋው ፈንታ የሚተካ አልነበረም። ኅዳር 18 ቀን ከተማይቱ ተያዘች።

መለዋወጫ ሲጠፋ ካንዱ ፈትቶ ለሌላው መግጠም በሰላም ጊዜም በድኻ ጋራዥ የሚደረግ ነው። እኛ ሥራውን በጠቅላላው አንነቅፈውም። አደጋው ግን ዕቃው ስንት ሰዓት እንደ በረረ ሳይታወቅ መሻገሩ ነው፤ ደግሞም አንድ ጊዜ መፈታት የነበረበት ሁለት ጊዜ ይፈታል። ስለዚህ በሚሻገረው ዕቃ ላይ ወረቀት ይታሰርበታል፤ በወረቀቱም የተነሣበት አይሮፕላን ቍጥር፥ የበረረበት ሰዓትና የፈታው ሰው ፊርማ ይጻፋል።