የእናት ሥራና የልጅ ትምህርት

ልጅን ማስተማር የትምህርት ቤት ሥራ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ በዘመናችን እየተለመደ መጥቷል። ዳሩ ግን ትምህርት ቤት በሩን የዘጋ እንደ ሆነ ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ በ2012 ዓ.ም. ሁላችንም አይተነዋል። የኮሮና በሽታ በአገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን ታወቀ፤ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር፤ ነገር ግን ራዲዮ ይናገራል እንጂ ልጁ ማድመጡን አያይም።

በዚያ ወራት ከመርካቶ፥ ከዱባይ ተራ፥ አንዲት እናት ወደ እኛ መጣች። ከባሕር ማዶ የመጣ ልብስ በሚሸጥበት ሱቅ እስከ ቀትር ድረስ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ባልዋ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ሄዷል፤ ልጅዋ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። «መምህር፥ ሥራውን ብተው የምንበላው የለም፤ ልጁን ብተወው ፊደሉ ይጠፋዋል። ምን ይሻለኛል?» አለችን።

እኛም መምህርነታችን አስቸኮለንና የትምህርት ቤቱን የሰዓት ድልድል እንዳለ ገልብጠን ሰጠናት፤ በየቀኑ ስድስት ክፍለ ጊዜ! ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጁ ደብተር ሲያይ የሚያለቅስ ሆነ፤ እናቱም ከሥራ ደክማ ገብታ በመጽሐፉ ላይ እንቅልፍ ይጥላት ጀመር። ጥፋቱ የእርስዋ ሳይሆን የእኛ ነበረ። በትምህርት ቤት ከክፍለ ጊዜው ብዙው ስም በመጥራት፥ ጸጥ በማሰኘትና ተራ በመጠበቅ የሚያልፍ መሆኑን ዘንግተን ነበርና። አንድ ልጅ ከአንድ አስተማሪ ጋራ ብቻውን ሲቀመጥ ግን ግማሽ ሰዓት ብዙ ነው።

ይህንንም ማወቅ ይገባን ነበር። ባደግንበት የቄስ ትምህርት ቤት የኔታ አንዱን ልጅ ጠርተው ያስነብቡታል፤ ሌላው ለብቻው ያጠናል፤ ፊደል የለየው ታላቅ ደግሞ ለታናሹ ያስቈጥራል።

ስለዚህ በዚሁ ሥርዓት እንደ ገና ጀመርን። እናቲቱ ወደ ሱቅ ከመሄድዋ በፊት ግማሽ ሰዓት ታስነብበዋለች፤ የማለዳ አእምሮ ንጹሕ ነውና። እስክትመለስ ድረስ ልጁ አንድ ገጽ ጽሕፈት ይጽፋል፤ ጠባቂው አያቱ ናቸው። እኚህ አሮጊት ፊደል አልቈጠሩም፤ ዳሩ ግን ውዳሴ ማርያምን የየዕለቱን ክፍል በቃላቸው ያውቁታል። ልጁ ሲያነብላቸው ቃል ቢዘል «ተመለስ፥ ዘለልህ» ይሉታል። ማታ ሒሳቡ ከሱቅ ይመጣል፦ በ180 ብር የተገዛ ሸሚዝ በ215 ብር ቢሸጥ ትርፉ ስንት ነው? የሁለቱስ? የሦስቱስ? ልጁም 35፥ 70፥ 105 እያለ ይደምራል።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ያችን የማለዳ ግማሽ ሰዓት ለማግኘት እናቲቱ ዘግይታ እንድትገባ ባለሱቁን ለመነች፤ እርሱም ፈቀደላት፥ ከደመወዝዋም ቀነሰ። «ከእንጀራችን ላይ የተቈረሰ ነው» ስትለን መካሪ የሚሰጠው ቃል መሆኑን፥ ከፋዩ ግን ሌላ መሆኑን ተረዳን።

በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ልጁ በንባብ ከእኩዮቹ ቀድሞ፥ በአካባቢ ሳይንስ ግን ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ። ስለዚህ ቤት ትምህርት ቤትን ይተካል አንልም፤ ጓደኛና ጨዋታም ከትምህርት ይቈጠራሉና። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስማቸው ማንሣቱ፥ የመጀመሪያው ጉባኤ ቤት መሆኑን ያስረዳል።

ዛሬም ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ሳለ፥ ከሥራ ደክማ ገብታ የልጅዋን ደብተር የምትገልጥ እናት በየሠፈራችን አለች። አባት በቤት ቢኖር ግማሽ ሰዓቱን እርሱ ይያዝላት፤ ባይኖር ፊደል የለየን ጎረቤቶች እናበድራት። እንዲህ ያለ ብድር ያበደረውን አያደኸይም።